ስለ በዓል ሰሞን የተማሪዎች ኮንሰርት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ።

ከገና እስከ ቃና ዘገሊላ ባለው ሰሞን መድረካችንን ለሙዚቃ ተማሪዎች በመስጠታችን ብዙዎቻችሁ እንደተከፋችሁ አውቃለሁ። ደውላችሁ የነገራችሁኝ አላችሁ። በአስተናጋጆቻችን በኩል የላካችሁብኝ አላችሁ። ሂሳብ ከፍላችሁ ሳትሰናበቱኝ የወጣችሁም አላችሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ ይሄኛው ነው። ለጭፈራ ተዘጋጅታችሁ መጥታችሁ ያሰባችሁት ስለቀረባችሁ ይቅርታ። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንዲህ እንዳደረግን የሚያስረዳ ነው። ረዘም ይላል። ስለ ትውውቃችን ብላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የምታውቁት ባንዳችን ስም ካለው ድምፃዊ ጋር ይጫወት ነበር። መግቢያም አልነበረም። ዘንድሮ ግን ከገና ማግስት ጀምሮ አርብና ቅዳሜ ማታ፣ እሁድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይጫወታሉ። መግቢያው 400 ብር ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ ኪችኑ ትእዛዝ አይቀበልም። ጮክ ብሎ ማውራትም እንዲቀር ለምነናል።

ያላችሁትንም ሰምቻለሁ። "በዓል ነው፣ መጨፈር ነው የፈለግነው።" "የተማሪ ልምምድ ለማየት 400 ብር?" "በገዛ ገንዘባችን ዝም በሉ እንባል?" ከፒያሳ ዘመን ጀምሮ የማውቃቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ደንበኛ ደግሞ "አንቺም ተለወጥሽ" አሉኝ።

ጋሼ፣ አልተለወጥኩም። ይህ ቤት እንዴት እንደተጀመረ እርስዎ ያውቃሉ። ለማያውቁት ልንገራቸው።

ስንጀምር ሬስቶራንት አልነበርንም። ፒያሳ ውስጥ ጥቂት ጠረጴዛ ያላት ማኪያቶ ቤት ነበረችኝ። የመጀመሪያ ደንበኞቼ ከትምህርት በኋላ ከላይ ከስድስት ኪሎ በኩል በእግራቸው የሚወርዱ የያሬድ ልጆች ነበሩ። አንዱን ማኪያቶ ለሁለት ይጠጡታል። ሲመሽ "ማዘር፣ ቼሎዋ እዚህ ትደርልን?" ይሉኛል። ምክንያት ነበራቸው። ቼሎ፣ ያን ትልቅ ቫዮሊን የሚመስል መሣሪያ፣ ይዞ ታክሲ የሚሳፈር ልጅ የሁለት ሰው ሂሳብ ይከፍላል፤ ያውም ረዳቱ ደግ ከሆነ። ከቼሎም የሚተልቀውን ኮንትራባስ የሚማረውን ደግሞ የሚጭነው የለም። ስለዚህ እቃ ቤቴ ውስጥ ከስኳርና ከቡና ጆንያ ጎን ቫዮሊንና ክላርኔት ያድር ነበር። ክረምት ላይ ዝናብ ሲይዛቸው እዚያው አውጥተው ይጫወታሉ። በር ላይ ዝናብ የሚጠለል ሰው መስማት ጀመረ። ገብቶ ተቀመጠ። በሌላ ቀን ጓደኛውን ይዞ መጣ። ቤቱ የሙዚቃ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። እኔ አላቀድኩትም። እነዚያ ልጆች ናቸው እናንተን ያመጡልኝ።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እኛም ተነሳን። ሃያ ሁለት አካባቢ ስንከፍት ብዙዎቻችሁ ተከትላችሁን መጣችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛዎቻችን ከሞላ ጎደል በድሮ ሰው ተይዘው ሳይ ምን እንደተሰማኝ በደብዳቤ አይጻፍም። አሁን ቅር ስትሰኙ የሚያመኝም ለዚህ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ የተወራው እሱ ነውና።

"ተማሪ ያመጡት ርካሽ ስለሆነ ነው" የሚል ሰምቻለሁ። ይሄ በጣም አሳዝኖኛል። ከመግቢያው ቫት ተከፍሎ የሚቀረው ገንዘብ በሙሉ በዚያ ምሽት ለተጫወቱት ልጆች ይከፋፈላል። ቤቱ ከዚያ ላይ አንድ ብር አይወስድም። ኪችኑም ሙዚቃ ሲኖር ስለሚቆም በነዚህ ምሽቶች የምናስገባው ከወትሮው ያነሰ ነው። ኑሮው እንዴት እንደሆነ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዘይቱም፣ ውስኪውም፣ የሚክሰሩ መለዋወጫም አብሮ ሄደ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ናፍጣ አለ። ኪራዩን አከራያችንና እኔ ነን የምናውቀው። በዚህ ሁሉ መሃል የምግብ ዋጋችንን ከጎረቤቶቻችን ያነሰ ለማድረግ ስንታገል ቆይተናል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የክትፎው መጠን አልቀነሰም።

ባንዱንም አላባረርንም። ጥር የሰርግ ወር ነው። ደህና ባንድ በጥር ሁለት ቤት አይችልም፤ በአንድ ሰርግ የሚያገኙትን እኛ በብዙ ምሽት አንከፍላቸውም። "ዘንድሮ ሰርጋችሁን ሥሩ፣ ስትጨርሱ ትመጣላችሁ" ብዬ እኔው ነኝ የሸኘኋቸው። ከመካከላቸው ያሬድ የተማሩ አሉ። መድረኩን ለተማሪዎቹ የመስጠት ሐሳብ ሲነሳ ከሁሉም በፊት ደስ ያላቸው እነሱ ናቸው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ።

አንድ የያሬድ ተማሪ ዋና መሣሪያውን ይዞ ዓመታት ይለፋል። ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ሳክስፎን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ የያዘው ማንኛውም ይሁን፣ በየቀኑ ሰዓታት ይቆጥርበታል። ሲመረቅ ሪሳይታል፣ ማለትም የራሱን ኮንሰርት፣ ያቀርባል። የሚሰሙት መምህራኑ፣ ጓደኞቹና ቤተሰቡ ናቸው። እናት ታለቅሳለች፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የት ይጫወት? ሳክስፎን የተማረው ልጅ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ኪቦርዱ ላይ የሳክስፎን ድምፅ የሚያወጣ ቁልፍ አለ፤ እሱን ይጫናል። ይህን አንድ ተመራቂ ሲነግረኝ መልስ አጣሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የትንፋሽ መሣሪያ ሙዚቃን ለአዲስ አበባ አስለመዱ። በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። እናንተ ዛሬም ስትሰሙት የምትነሱለት የዚያ ዘመን ሙዚቃ፣ ያ ትራምፔትና ሳክስፎን የሚመላለሱበት፣ ከነዚያ ቤቶች የወጣ ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝ፣ መሣሪያና መድረክ ነበራቸው። ሰው ፊት እየተጫወቱ ነው የበሰሉት። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው ማታውን ዘጋው። ባንዶች አነሱ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ነፊዎቹ ተበተኑ፣ ኪቦርድ ቦታቸውን ወረሰ። ሰዓት እላፊው ከቀረ ስንት ዘመኑ! ያ ቦታ ግን እንደተወረሰ ነው።

ያሬድ ራሱ ትንሽ ቤት አይደለም። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ናቸው፤ የሙዚቃ ደራሲም ተመራማሪም ነበሩ። የቡልጋሪያ መምህራን አስተምረውበታል። በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ የነበሩት ግርማ ይፍራሸዋ ከፒያኖ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው፤ ከዚያ ሶፊያ ሄደው ተምረው ዛሬ በዓለም መድረክ ይጫወታሉ። "የተማሪ ልምምድ" ያላችሁኝ፣ እባካችሁ ይህን አስቡልኝ። እነዚህ ልጆች ለዚህ ፕሮግራም ከኅዳር ጀምሮ ሲዘጋጁ ከርመዋል። ጠዋት ጠዋት እኛ ወለል ስንጠርግ እነሱ ጥግ ይዘው ያጠኑ ነበር።

ደግሞስ የሰማችሁት ምን ነበር? ማሲንቆና ቼሎ አብረው። አንዱ የፈረስ ጭራ አንድ አውታር ነው፣ ሌላው አራት። ትዝታን ተቀባብለው ሲጫወቱ ማሲንቆው እንደ ሰው እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ ቼሎው ከታች ይይዝለታል። እሁድ ከሰዓት ላይ ደግሞ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶቻችንን መጀመሪያ በክራር፣ ቀጥሎ በፒያኖ አሰሙን። ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ይገባል፤ ክራሩን ለቅኝቱ እንደፈለጉ ያጠብቁታል ያላሉታል፣ ፒያኖው ግን በተቃኘበት ይቆማል። አንቺሆዬን በክላርኔት የተጫወተው ልጅ ሲጨርስ ከኋላ ጠረጴዛ የነበሩ አንድ እናት እልል አሉ። ጭፈራ አልነበረም፣ እውነት ነው። በዓል ግን ነበር።

ስለ ሽልማቱም ላስረዳ። አንድ ማታ አንድ ደንበኛችን ቫዮሊን በምትጫወተዋ ልጅ ግንባር ላይ ብር ሊለጥፉ ወደ መድረክ ወጡ። አስተናጋጃችን በአክብሮት መለሳቸው። አዝነው ሄዱ። እኔ ሽልማትን አልንቅም። አዝማሪ ቤት ጨዋታው ራሱ እሱ ነው፤ አዝማሪው ስምዎን እያነሳ ያወድስዎታል፣ እርስዎ ይለጥፉለታል፣ እሱም ማሲንቆውን ሳይለቅ ግንባሩን ያቀርብልዎታል። ቫዮሊን ግን በአገጭና በትከሻ ነው የሚያዘው። ልጅቷ ቀና ካለች መሣሪያው ይወድቃል። ዓይኗ ኖታው ላይ ነው። ከጎኗ ያሉት ሦስት ልጆች የእሷን ትንፋሽ ጠብቀው ነው የሚገቡት፤ አንዷ ከቆመች አራቱም ይቆማሉ። ለዚህ ብለን በሩ ጋ ሙዳይ አስቀምጠናል። እዚያ የሚገባው ሁሉ የነሱ ነው። እኚያ ደንበኛችን ይህን ካነበቡ፣ ሊያከብሯት እንደነበር ልጅቷም እኔም አውቀናል። ተመልሰው ቢመጡልን ደስታችን ነው።

የበገና ድርደራ ለምን የለም ያላችሁም ነበራችሁ። በገና የሚማር ልጅ አለ። ግን በገና የጸሎት ነው፤ ቢራ እየተከፈተ አይደረደርም። ልጁ ይህንኑ ነገረኝ፣ እኔም አከበርኩለት። ዓለሙ አጋ በገና ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ልጅ እንዲህ ቢያስብ ይገባዋል። በዐቢይ ጾም አንድ እሁድ መጠጥ ሳንሸጥ በሻይና በቡና ልናሰማችሁ አስበናል።

ከእናንተ ሰምተን ያስተካከልነው አለ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው እረፍት ረዝሟል፤ ምግብም መጠጥም በደንብ ይታዘዛል፣ ጨዋታም ይደራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ወንበሮቹ ገለል ይላሉ። ከበሮ፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ክራር ያላቸው ልጆች ለጭፈራ የሚሆን ይጫወታሉ። ጉራጌውም፣ ኦሮሞውም፣ ጎንደሩም አለ። አጥንተውታል፣ አያሳፍሯችሁም። መግቢያ ከፍላችሁ ቅር ብሏችሁ ለወጣችሁ ገንዘባችሁን በቴሌብር እንመልሳለን፤ ደረሰኙን ማሳየት ይበቃል። ለልጆቹ የሚደርሳቸው ከዚህ አይቀነስም፣ ከቤቱ ይወጣል።

የማይለወጥም አለ። መግቢያው የልጆቹ ሆኖ ይቀጥላል። ሲጫወቱም ዝም ብለን እንሰማቸዋለን። በዚህ ልለምናችሁ እንጂ ልደራደር አልችልም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይላል የአገራችን ሰው። እናንተም ጌቶቻችን ናችሁና አትቆጡን።

ከተራና ጥምቀት ዕለት ዝግ ነን፤ ሠራተኞቻችን ታቦት ይሸኛሉ። የመጨረሻው ኮንሰርት ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ማታ ነው። ሁሉም ልጆች በአንድ ላይ ይወጣሉ። በሩ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ሙዚቃው 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ፤ ይዛችኋቸው ኑ፣ መሣሪያዎቹን ከኮንሰርቱ በፊት ቀርበው እንዲያዩ ተዘጋጅቷል። ባንዳችን ከጥር ማለቂያ በኋላ ባለው አርብ ይመለሳል። ቦታ ለመያዝ በምታውቁት ስልክ ደውሉ። እኔን ማነጋገር የምትፈልጉ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ሂሳብ መቀበያው ጋ አለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቤቱ ባለቤት