የጥይት መለኪያውን ጥይት እንዳይመታው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኢላማ ተኩስ ሜዳ የጥይት ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ፣ ከአፈሙዙ ፊት በማቆሚያ ላይ ተቀምጦ በላዩ የሚያልፈውን ጥይት ጥላ በሴንሰሮች (በብርሃን ዓይኖች) የሚለይ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን በጥይት ሲመታ ጣት የሚቀሰረው ተኳሹ ላይ ነው። ጎበዝ ተኳሽም ግን ይመታዋል፤ ዓይን የሚያየው መስመርና ጥይት የሚሄድበት መስመር አንድ አይደሉምና። (የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነው።)

ጠብመንጃ ላይ የሚታሰር መነጽር ከአፈሙዙ መሀል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መሣሪያው ለ100 ሜትር ቢስተካከልም፣ ጥይቱ መለኪያው የሚቆምበት 4 ሜትር ላይ ሲደርስ ከዕይታው መስመር በታች ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ግድም ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። ተኳሹ በመነጽሩ ሲያይ ከመለኪያው ሣጥን በላይ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ካየ «ያልፋል» ብሎ ቃታ ይስባል፤ ሣጥኑ መሀሉን ይበሳል። መነጽር በሌለው መሣሪያም ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ስለሚተከል ስሕተቱ ያው ነው።

መፍትሔው ሲባጎና ካርቶን ነው። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ በአሸዋ ከረጢት ላይ ይቀመጥ፤ ሲባጎ ከአፈሙዙ እስከ ኢላማው መሀል ይወጠር። የጥይቱ መንገድ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ከዚህ ክር እምብዛም አይርቅም። ክሩ ከሴንሰሮቹ 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በላይ፣ የብርሃን መከለያዎቹን በሚይዙት ዘንጎች መሀል እንዲያልፍ ማቆሚያውን ያስተካክሉ። ከዚያ ክሩን ፈትተው፣ ሣጥኑን አንስተው በቦታው ካርቶን ያቁሙና አንድ ጥይት ይተኩሱ። ቀዳዳው ክሩ ካለፈበት ቦታ ከሆነ ሣጥኑን ይመልሱት። ካልሆነ አንድ ካርቶን ነው የከሰራችሁት። ለማስተካከል ወደፊት በሚኬድበት ጊዜ ሁሉ መሣሪያዎች ባዶ፣ መቀርቀሪያቸው ክፍት፣ እጅም የማይነካቸው ይሁኑ።

ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ተኳሽ ይቀየራል፣ የአሸዋው ከረጢት ይሰምጣል፣ አንዱ «ያኛውን ኢላማ ልሞክር» ይላል። መለኪያው እስካለ ድረስ ኢላማው አንድ ብቻ ይሁን፤ ሰው ወይም መሣሪያ ሲቀየር ክሩ እንደገና ይወጠር።

ከአፈሙዙ እስከ መለኪያው ያለውን ርቀት በተመለከተ ለሽጉጥ 3 ሜትር፣ ለጠብመንጃ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይበቃል። ከዚህ ከቀረበ የአፈሙዙ ጋዝና ያልተቃጠለ ባሩድ ከጥይቱ ቀድሞ ሴንሰሩን ይነካና የሐሰት ቁጥር ያወጣል፤ ፍንዳታውም ፕላስቲኩን ያናጋል። ከራቀ ደግሞ ትንሽ የአፈሙዝ መዛነፍ ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ትልቅ ይሆናል።

ነጭ የብርሃን መከለያዎቹን የሚይዙት የብረት ዘንጎች በቀርከሃ ስንጥር ቢተኩ ይሻላል። ጥይት ብረቱን ሲመታ ኃይሉ ወደ ሣጥኑ ይወርዳል፣ ፍንጣሪም ይኖራል፤ ቀርከሃ ግን ተሰብሮ ይቀራል። ሣጥኑን ለመከላከል ከፊቱ የብረት ሰሌዳ የሚያቆሙ አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፦ በ4 ሜትር ርቀት ብረት የመታ ጥይት ፍንጣሪው የሚመለሰው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ሣጥን ይገዛል፣ ዓይን አይገዛም።

የአዳማ ነፋስ የኤሌክትሪክ ተርባይን የሚያሽከረክር ነው፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያን ለመጣል አይቸገርም። መከለያዎቹም እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛሉ። እግሮቹን በሰፊው ከፍቶ፣ ከመሀሉ ውኃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ማንጠልጠል በቂ ነው። ቁጥር ማሳያው በገመድ የሚለያይ ከሆነ ተኳሹ ጋ ይቀመጥ፤ ገመዱም በጎን በኩል ዞሮ በችካል ይያዝ። ማቆሚያውን ነፋስ ካልጣለው በገመዱ የተደናቀፈ ሰው ይጥለዋል።

ነፋስ ባይጥለውም ያጣምመዋል። ሣጥኑ ከጥይቱ መንገድ 10 ዲግሪ ከዞረ ፍጥነቱ 1.5 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ በሰከንድ 715 ሜትር ለሚሄድ ጥይት 11 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ስለ ፀሐይም ልጨምር። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም አዳማ ላይ የቀትር ፀሐይ ልክ ከአናት ትቆማለች፣ ሴንሰሮቹም ወደ ላይ ነው የሚያዩት። ያለ መከለያ የጥይቱን ጥላ አይለዩም። ቁጥር ሲጠፋ ደግሞ ሰው «ዝቅ አድርገህ ተኩስ» ይላል፤ ሣጥኑ የሚመታው ያኔ ነው። ቁጥር ከጠፋ መጀመሪያ መከለያውን፣ ቀጥሎ ባለ 9 ቮልት ባትሪውን፣ ከዚያም በሴንሰሩ ዓይን ላይ የተኛውን አቧራ ይመልከቱ። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ በጣት አይታሽም።

ከተኳሹ ጎን የሚቀመጡት አዳዲሶቹ የራዳር መለኪያዎች በጥይቱ መንገድ ላይ ስለማይቆሙ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናቸው። አፈሙዙ ላይ ጋዝ ወደ ጎን የሚያወጣ የርግጫ መቀነሻ ካለ ግን ከጋዙ መውጫ ወደ ኋላ ይቀመጡ።

የመሣሪያ ጠጋኝ አንባቢያችሁ
ከአዳማ