ስለ አሳ አጥማጆቹ ሹራብ ስትጽፉ የሰሩትን ሴቶች አትርሷቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በፋሽን ገጻችሁ ላይ ስለ እንግሊዝና ስለ አየርላንድ አሳ አጥማጆች ሹራብ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ርእሱን በማንሳታችሁ በጣም ነው ደስ ያለኝ ምክንያቱም ስለዚህ ሙያ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙም አይቼ አላውቅም። ግን ጽሁፉ ከላይ እስከ ታች ያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ባህር የበላው ሰው ሬሳው ሲገኝ በሹራቡ ጥለት የየት መንደር ሰው እንደሆነ ይታወቅ ነበር ስለሚባለው። ታሪኩ አንጀት ይበላል፣ ለዛም ነው ሁሉም የሚቀባበለው፣ ሱቆችም ሹራቡን የሚሸጡት በሱ ነው። እኔ የምኖረው ሰሜን ምስራቅ እንግሊዝ ባህር ዳር ነው፣ ሹራቡንም በእጄ እሰራለሁ፣ እና ይሄ ታሪክ በተወራ ቁጥር የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ሰሪዎቹን ሴቶች ማንም አያነሳቸውም።

ጥለቱ በመንደር የተከፋፈለ ነበር የሚለውን እስቲ እንየው። እውነት ነው አንዳንድ ቦታ የሚወደድ ጥለት አለ፣ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ያሉት ፋይሊ፣ ፍላምቦሮ፣ ሸሪንግሃም፣ ወይ ስኮትላንድ ያለችው ኤሪስኬ ደሴት፣ አይኑ የለመደ ሰው የየትኛው እንደሆነ ሊገምት ይችላል። ሴቶቹ ግን አንድ ቦታ አልተቀመጡም እኮ! ሄሪንግ የሚባለው አሳ የሚያዝበት ወቅት ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተከተለ ይሄዳል፣ በጋ ላይ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች አካባቢ ይያዛል፣ መኸር ላይ ምስራቅ እንግሊዝ ባሉት ወደቦች ግሬት ያርመዝና ሎውስቶፍት፣ እና በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከስኮትላንድ ጠረፍና ከደሴቶቹ እየተነሱ ጀልባዎቹን ተከትለው እስከዛ ድረስ በባቡር ይወርዱ ነበር። ስራቸው አሳውን ቀዶ ሆድ እቃውን ማውጣትና በጨው በርሜል ውስጥ መደርደር ነው፣ ሶስት ሶስት ሆነው ይቀጠራሉ፣ ሁለቱ ይቀድዳሉ አንዷ ትደረድራለች፣ ቢላዋውና ጨው እንዳይበላቸው ጣቶቻቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ ጎበዟ በደቂቃ እስከ 60 አሳ ትቀድ ነበር ይባላል። በፈረንጆቹ 1913 ያርመዝ ላይ ብቻ ከ1,000 በላይ ጀልባ ለዚህ አሳ መጥቷል፣ ከዛ በኋላ ነው ነገሩ እየወረደ የሄደው።

እነዚህ ሴቶች ናቸው እንግዲህ ከስራ ሲወጡ መንገድ ላይ እየተራመዱ፣ ጀልባ እስኪገባ እየጠበቁ፣ አጥር ተደግፈው እያወሩ ሹራብ የሚሰሩት። ፎቶዎቹ አሉ፣ እጃቸው ለአፍታ አያርፍም። አንዷ የሌላዋን ጥለት ታያለች፣ ደስ ካላት ትወስደዋለች፣ አገሯ ስትመለስ ለእህቷ ታሳያለች፣ ሌላ መንደር ያገባች ደግሞ የእናቷን ጥለት ይዛ ትሄዳለች። ታዲያ እንዴት ነው አንድ ጥለት የአንድ መንደር መታወቂያ ሊሆን የሚችለው? በእርግጥ ብዙ ቦታ የባለቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ከወገቡ ጠርዝ ከፍ ብሎ በሹራቡ ላይ ይሰሩ ነበር፣ ሰውን የሚለይ ነገር ካለ እሱ ነው፣ ጥለቱ አደለም። አየርላንድ ስላለው የአራን ደሴቶች ነጭ ሹራብም እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጥለት ነበረው ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ያ ሹራብ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፣ የቤተሰብ ጥለት ምናምን የሚለው ወሬ ደግሞ ሻጮችና ቱሪስት ያገነኑት ነው። ደሃ ደሴት ላይ ያሉ ሴቶች ለገቢ ብለው የፈጠሩት ድንቅ ስራ መሆኑ ለምን እንደማይበቃ አይገባኝም።

አሁን ወደ ሹራቡ ልምጣ። እዚህ ጋንዚ ነው የሚሉት፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሀል ካለችው ከገርንዚ ደሴት ስም ጋር ይያያዛል። ክሩ ጠበቅ ተደርጎ የተፈተለ ባለ 5 ድርብ (አምስት ቀጭን ክር አንድ ላይ የተገመደበት) ሱፍ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ። የሚሰራው ሁለቱም ጫፋቸው ሹል በሆኑ አምስትና ከዛ በላይ ቀጫጭን ረጃጅም ሽቦዎች ነው፣ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር ምናምን ቢሆን ነው፣ ዙሪያውን እንደ ቱቦ ይሄዳል እንጂ ፊትና ጀርባ ለየብቻ ተሰርቶ አይሰፋም፣ ስለዚ ጎን ላይ ስፌት የለውም። ለአንድ ትልቅ ሰው ሲጀመር ከ300 በላይ የክር ቀለበት ሽቦው ላይ ይጫናል። ስራው ጥብቅ ስለሆነ ንፋስ አያስገባም፣ ከባህር የሚረጨውም ውሃ ቶሎ አይዘልቅም፣ እጅ ግን ያደክማል፣ ለዛ ነው ድሮ ሴቶቹ ወገባቸው ላይ ወይ የእንጨት መያዣ ወይ በፈረስ ጸጉር የተሞላ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ቀበቶ ታጥቀው አንዱን ሽቦ እዛ ላይ የሚሰኩት፣ ክብደቱን ወገብ ይይዘዋል፣ ቀኝ እጅ ክር ብቻ ይወረውራል፣ ፍጥነታቸውም ከዛ የመጣ ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ብብቱ ነው። ሰውነቱ ወደ ብብት ሲደርስ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቀለበት እየተጨመረ ሶስት ማእዘን ይወጣል፣ ከዛ እጅጌው ሲጀመር እየተቀነሰ ይዘጋል፣ ሲያልቅ ብብት ስር እንደ አልማዝ ቅርጽ ያለ ቁራጭ ይቀራል። ሰውየው መረብ ለመጎተት እጁን ሲያነሳ ሹራቡ ከወገቡ አይነሳም፣ ብብቱም አይቀደድም። እጅጌው ደግሞ ከትከሻ ወደ ታች ነው የሚሰራው፣ ከእጅ አንጓ ጀምሮ ወደ ላይ አደለም፣ ምክንያቱም ቶሎ የሚያልቀው ክርኑና ጫፉ ነው፣ ሲያልቅ ከታች ተተርትሮ በአዲስ ክር ይሰራል፣ ሌላው አይነካም። ጫፉም አንጓው ላይ ሳይደርስ አጠር ብሎ ይቆማል፣ እርጥብ ሱፍና ጨው ቆዳውን እየፈገፈገ እንዳያቆስለው። ፊትና ጀርባው አንድ ስለሆነ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መልበስ ይቻላል፣ አንድ ቦታ ብቻ አያልቅም። ጥለቱ ደረት ላይ የሚበዛውም ለውበት ብቻ ብሎ አደለም፣ ገመዱ፣ መሰላሉ፣ የአሳ አጥንቱ፣ የመረብ አይኑ ሁሉም ሹራቡን ወፈር ያደርገዋል፣ ደረት ይሞቃል። ሆዱ ጋር ሜዳ ይተዋል። አስቡት፣ ይሄን ሁሉ ያሰበ ኢንጅነር የለም፣ ወረቀት ላይም አልተጻፈም፣ በቃ እናት ለልጅ እያሳየች በእጅ የሄደ እውቀት ነው፣ የጥለት መጽሐፍ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው።

ወንዶቹም አይሰሩም ነበር ማለት አደለም። የገርንዚ ጎረቤት በሆነችው ጀርዚ ደሴት ላይ በ1608 ህግ ወጥቶ ነበር፣ በአዝመራና የባህር አረም በሚሰበሰብበት ወቅት ከ15 አመት በላይ የሆነ ሰው ሹራብ እንዳይሰራ የሚከለክል፣ ሰዉ ሁሉ ማሳውን ትቶ ካልሲና ሹራብ ላይ ስለተጠመደ። ገንዘብ ነበረው ማለት ነው፣ ገንዘቡ ግን ሰሪዋ ጋር አይደርስም ነበር። ደቡብ ምእራብ እንግሊዝ ኮርንዎል ውስጥ ፖልፔሮ በመሳሰሉ ቦታዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች ከነጋዴ ክር ተቀብለው በሰሩት ሹራብ ቁጥር እየተከፈላቸው ይሰሩ ነበር፣ ለስንት ማታ ድካም የሚያገኙት ጥቂት ሽልንግ ነው። ዊትቢ ላይ ፍራንክ ሰትክሊፍ፣ ሸሪንግሃም ላይ ኦሊቭ ኤዲስ ያነሷቸውን የአሳ አጥማጆች ፎቶዎች ብታዩ ሹራቦቹ እያንዳንዱ ቀለበት እስኪቆጠር ድረስ ይታያሉ፣ የአንሺዎቹ ስም አለ፣ የብዙዎቹ ወንዶች ስምም አለ፣ ሹራቡን ማን ሰራችው ብትሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም።

ሙያው የደከመበት ምክንያት ብዙ ነው፣ የፋብሪካ ልብስ መጣ፣ ውሃ የማያስገባ ጎማና ፕላስቲክ መጣ፣ ሴቶቹ የተሻለ ስራ አገኙ (ማን ይፈርድባቸዋል)፣ አሳውም አለቀና በ1977 የሰሜን ባህር የሄሪንግ ማጥመድ ጭራሽ ተዘጋ፣ ከአመታት በኋላ ነው የተከፈተው። ዛሬ ስራው ያለው በሙዚየሞችና በጥቂት ሰዎች እጅ ነው፣ አንስትራዘር ያለው የስኮትላንድ አሳ ማጥመድ ሙዚየም ስብስብ አለው፣ ሸሪንግሃምም አለ። ዩናይትድ ኪንግደም የዩኔስኮን የ2003 የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነት የተቀበለችው ገና በ2024 ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ሹራብ ሰው አያስተምርም። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ አንድ ሱቅ ለአንዲት አዛውንት ሰሪ የከፈላቸው ገንዘብ ለክሩና ለወራት ስራቸው ተካፍሎ ሲታይ የሰአቱ ዋጋ ከአውቶብስ ቲኬት ያነሰ ነበር፣ ያንኑ ሹራብ ግን ባህላዊ ቅርስ የሚል ወረቀት ለጥፎ በእጥፍ ሸጠው። እሳቸው ከዛ በኋላ ለሽያጭ አልሰራም አሉ። ከጎኑ ደግሞ በማሽን የተሰራ ተመሳሳይ ሹራብ ያው ወረቀት ተለጥፎበት ይሸጣል። የማሽኑን የሚገዛ ሰው ላይ ምንም የለኝም፣ ይሞቃል፣ ርካሽ ነው፣ ግን በማሽን ተሰራ ይባል፣ በእጅ የተሰራውም የሰሪዋ ስም ይጻፍበት።

ይሄን ሁሉ ለአማርኛ ጋዜጣ የምጽፈው ለምንድነው? እኛ መሀል የሚችሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ትምህርት ቤት የእጅ ስራ ክፍለ ጊዜ ላይ ሹራብና ዳንቴል የተማሩ፣ ለአራስ ልጅ ኮፍያና ካልሲ እያወሩ በአንድ ቀን የሚጨርሱ እናቶች ሊድስም፣ ለንደንም፣ ማንችስተርም ሞልተዋል፣ ቤተክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ አይቻቸዋለሁ። እዚህ የሚያስተምሩት አሮጊቶች ተማሪ ይፈልጋሉ፣ ከየት መጣሽ ብለው አይመልሱም። እኔን ያስተማሩኝ ሴትዮ ክር አያያዜን አይተው በእናትሽ እጅ ነው የምትሰሪው አሉኝ፣ እንዳልቀይረውም ነገሩኝ፣ የሳቸውን ብብት አሰራር ብቻ ጨመሩልኝ።

ስለዚ የምጠይቃችሁ፣ ሌላ ጊዜ ስለዚህ ሹራብ ስታወጡ ፎቶግራፍ አንሺ ልካችሁ የሚሰሩትን እጆች አሳዩን፣ ዋጋውን ስትጽፉ ለሰሪዋ ስንት እንደደረሰ ጠይቁ። መሞከር ለምትፈልጉ እህቶችና እናቶች (ወንዶችም) ደግሞ፣ በትልቅ ሰው ልክ አትጀምሩ፣ በህጻን ልክ ጀምሩት፣ ብብቱም እጅጌውም ያው ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ክር ስትገዙ ባለ 5 ድርብ የጋንዚ ክር ብላችሁ ጠይቁ፣ ለመጀመሪያውም ፈካ ያለ ቀለም ያዙ ምክንያቱም ጥቁር ሰማያዊው ማታ በመብራት ቀለበቱ አይታይም፣ አይን ይጎዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ምስራቅ እንግሊዝ