ከማኮብኮቢያው ጫፍ ማዶ ስላለው መሬት፤ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በሚነሡ አውሮፕላኖች መንገድ ሥር ነው። ቡና ላይ ሳለን አንዱ ከተነሣ በረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች ይንጫጫሉ፤ የአየር ኃይሉ ማመላለሻ ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮውም ያጅባቸዋል። ለምደነዋል፤ የምጽፍልዎ ስለ ጩኸቱ አይደለም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. 104 ሰዎችን ይዞ ከዚሁ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አስመራ የተነሣው ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አንደኛው ወዲያው፣ ሁለተኛው ወደ ማረፊያው ሊመለስ ሲዞር ከዱት፤ አብራሪዎቹም ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። በተነሣው እሳት 35 ተሳፋሪዎች ሞቱ፣ 69 ሰዎች ተረፉ። በእኔ ግምት ለእነዚያ 69 ሰዎች መትረፍ፣ ከአብራሪዎቹ ብርታት ቀጥሎ፣ ከሥራቸው ቤት ያልተሠራበት መሬት መገኘቱ ትልቅ ድርሻ አለው።

ወታደርና ጭነት የሚያመላልሱት ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖችም ከዚህ ሥጋት ነጻ አይደሉም። በመነሻ ላይ በአንድ ወገን ያለ ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላኑ ወደ ሞተው ወገን ይጎተታል፤ ከፍታ ሳይዝና ፍጥነት ሳያከማች ለመመለስ ከዞረ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ሰኔ 11 ቀን 1945 ዓ.ም. በጃፓን ታቺካዋ ግሎብማስተር የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ማመላለሻ አውሮፕላን በዚሁ አኳኋን ወድቆ 129 ሰዎች አልቀዋል፤ ሚያዝያ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ከሳቫና ከተማ የተነሣ ሄርኩለስ የተባለ ማመላለሻ አውሮፕላን አውራ ጎዳና ላይ ወድቆ ዘጠኙም ተሳፋሪዎቹ ሞተዋል። ሰኔ 23 ቀን 2007 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ሜዳን ከተማ እንደ ተነሣ ለመመለስ የሞከረው ሄርኩለስ ግን የወደቀው የመኖሪያ ሰፈር ላይ ስለ ነበር፣ ከተሳፈሩት 122 ሰዎች በተጨማሪ በቤታቸውና በመንገድ ላይ የነበሩም አብረው አልቀዋል። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በሳሳው አየር በተለይም በቀትር ሙቀት፣ ሞተር የሚሰጠው ጉልበት ከቆላው ያነሰ መሆኑን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ስለዚህ የምጠይቀው አጭር ነው። በማኮብኮቢያው በሁለቱም ጫፍ ማዶ ቤት የማይሠራበት መሬት ድንበሩ ተለክቶ በችካል ይታይ፤ ካርታው ለየቀበሌው ተልኮ ነዋሪው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ርግብ ወደ እህልና ወደ ቆሻሻ መሄዷ የታወቀ ነው፤ ቆሻሻውን የምንደፋው ደግሞ፣ ልደብቅዎ አልሻም፣ እኛው ነን። በአጥሩ አቅራቢያ መድፋትም ሆነ አውድማ መጣል እንዲከለከል፣ ሲቪሉና አየር ኃይሉ የሚያዩትን የወፍ መንጋ በአንድ መዝገብ እንዲጽፉና መዝገቡ በየመስከረሙ ከመኸር በፊት እንዲመረመር እለምናለሁ።

ችካሉ መቼ እንደሚተከል በጽሑፍ ቢገልጹልን፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ጉድጓዱን ለመቆፈር ዝግጁ ነን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የባሕር ዳር ነዋሪ