ከሚጣ ሠርግ ብር ላይ ጥይት እንዳይገዛ

ወንድምዓለም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬን ለሁሉም በየስማቸው አድርስልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሥራዬም ጥሩ ነው። ብሩ መድረሱን ሰምቻለሁ። እንዲህ አጣድፎ ያስጻፈኝ በድምፅ መልእክትህ መጨረሻ እየሳቅህ ያለፍካት ነገር ናት፤ አጎታችን ከላክሁት ላይ ቆንጥረው ለክላሻቸው ጥይት ሊገዙ፣ ሙሽራው ሲገባም ዳሱ ደጃፍ ላይ ሊያንጣጡት ነው አልከኝ።

አይሆንም። ብሩ ለበሬው፣ ለዳሱና ለሚጣ ልብስ ነው። “ባሕር ተሻግሮ ፈረንጅ ሆነ፣ የአገሩን ወግ ናቀ” እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉ። እኔም ተኩስ የሌለበት ሠርግ ለቅሶ ይመስለኝ ነበር። ግን እዚህ ጀርመን የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ላሜራ የሚቀጠቅጥ ማሽን አለ፤ ሲወርድ መሬቱ ይርዳል። ሥራ ሳልጀምር ስለ ጆሮ አስተማሩኝ። ሴትዮዋ ሥዕል እያሳየች ስታስረዳ እኔ የማስበው አባባን ነበር።

አባባ የማይሰማው በግራው ነው። ሽምግልና ሲቀመጥ አይተኸው ከሆነ፣ ሁልጊዜ ግራ ትከሻውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ሰውን በቀኙ ያደርጋል። በግራ በኩል ብትጠራው ዝም ይልሃል፤ እማዬ ደግሞ “ኮርቶ ነው” ትላለች። እርጅና ብቻ ቢሆን ሁለቱንም ጆሮ እኩል በያዘ ነበር። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያሳርፍ ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይዞራል፤ ቀኙን የገዛ ጭንቅላቱ ይከልለዋል። አባባ ለሠርግ ተኮሰ፣ ለለቅሶ ተኮሰ፣ ጅብ ለማባረር ተኮሰ። ሁሉንም የተቀበለው ያ ግራ ጆሮ ነው። እኛ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ብርድ ነው ስንል ኖርን።

የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። እዚህ አውሮፓ ሕጉ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ሠራተኛው ጆሮ ላይ ሲደርስ ከ140 እንዳያልፍ ይከለክላል። ጠመንጃ ለተኳሹ ጆሮ 160 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 20 ብቻ ነው እንዳትለኝ፤ 10 በጨመረ ቁጥር ኃይሉ አሥር እጥፍ ነው፣ ስለዚህ 20 ማለት መቶ እጥፍ ነው። ጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የምትኮማተር ትንሽዬ ጡንቻ አለች። ማሽን ሲያጓራ ትንሽ ትከላከላለች፤ ጥይት ግን እሷ ሳትነቃ አልፎ ሄዷል። ከውስጥ ድምፁን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ነገሮች በረዶ እንደመታው ጤፍ ይተኛሉ፤ የሞተው ዳግም አይበቅልም፣ ሐኪምም አይተካውም።

ለአጎታችን ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግህም። ልጆቹን ብቻ አስታውሳቸው። ቀለህ ለመልቀም ተኳሹ እግር ሥር የሚሻሙት እነማን ናቸው? እኔና አንተ አልነበርንም? ጆሯችን ጭው ብሎ ያድር ነበር፣ ጠዋት ሲተወን ዳነ ብለን እንረሳዋለን። ጭውታው ቢተውም ጉዳቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ደግሞ ግቢው ጠባብ ነው፣ ድምፁ ከግንቡና ከቆርቆሮው እየተጋጨ ይመለስባችኋል። (ወደ ሰማይ የሄደው ጥይት ማን ላይ እንደሚወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።) እልል በሉ፣ ጨፍሩ፣ ከበሮውን ምቱ፤ ሚጣ በእልልታ ትውጣ።

አባባን ሠርጉ እንዳለፈ ደሴ ወስደህ የጆሮ ሐኪም ዘንድ አቅርብልኝ። ኩክም ካለበት ይጠረግለት፤ የሚሰማው ጆሮ ቢያንስ አይጎዳበት። የማዳመጫ መሣሪያ ያስፈልገዋል ካሉ ዋጋውን ንገረኝ፣ አትደብቀኝ።

ለአንተ ሁለት ነገር ልኬልሃለሁ፣ ለሠርጉ የሚመጣው የሐይቅ ልጅ ይዞልሃል። አንዱ እንደ ማዳመጫ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ የጆሮ መሸፈኛ ነው። ኮምቦልቻ እዚያ ብረታ ብረት ቤት ላሜራ ስትቀጠቅጥም ግራይንደር ስትይዝም አድርገው፤ ጓደኞችህ ይሳቁ። ሌላው ስፖንጅ የመሰለው መሰኪያ ነው። በጣትህ እያሸህ እንደ ክር አቅጥነው፣ ሌላውን እጅህን ከጭንቅላትህ በላይ አሻግረህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ አስገባውና እስኪያብጥ በጣትህ ያዘው። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልሠራም ማለት ነው። ጥጥ ወትፌያለሁ አትበለኝ፣ ከጥጥ ጣትህ ይሻላል።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አታንብብላት።

እዚህ ከመድረሴ በፊት፣ መንገድ ላይ ሳለሁ የሠራሁበት የብረት ቤት ለጆሮ ምንም አይሰጥም ነበር። ስንጠይቅ አሠሪው ይስቅብናል። አሁን ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ጆሮዬ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር አለ። ሥራዬን አይከለክለኝም፣ አትጨነቅ። እማዬ ስትደውል “እ? እ?” የምላት ኔትወርኩ ነው ብያታለሁ፤ አንተም እንደዚያው በላት። የሚከፋኝ ሌላ ነው። ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫውን ከስልኩ አጠገብ አድርጋልኝ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ዘነዘናው ይሰማኛል፣ ከበላዩ የምትለው ዱዓ ግን ቃሉ ይጠፋብኛል። ሠርጉ ዕለት መንዙማው ሲጀመር ስልኩን ለድቤው አታስጠጋው፣ ከሚያወርደው ሰው ፊት አድርግልኝ። እኔ ሳልኖር ሚጣ ልትዳር ነው እኮ፤ ቢያንስ ቃሉን ልስማ።

አጎታችን እምቢ ካሉ ስልኩን ስጣቸው። እሑድ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ራሴ አናግራቸዋለሁ።

ወንድምህ