«አስመሳይ» ተብላ ከሆስፒታል የጠፋችው ታካሚ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጎጃም ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሳገለግል ያጋጠመችኝን አንዲት ወጣት መርሳት አልቻልኩም። ትኩሳቷ በየጊዜው ያሻቅባል፤ ምክንያቱ ግን በምርመራ ሊገኝ አልቻለም። አንድ ማለዳ ተረኛዋ ባልደረባዬ ቴርሞሜትሩን ከትኩስ ሻይ ብርጭቆ ጋር አስደግፋ አገኘቻትና አስታማሚው ሁሉ እየሰማ «አንቺ አስመሳይ! የበሽተኛ አልጋ ይዘሽ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ከመሳብ በቀር ቃል አልመለሰችም፤ ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያያት ጠፋች። እኔም እዚያው ቆሜ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ፋክቲሸስ ዲስኦርደር የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው። ከባዱን ዓይነት እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1951 ሙንቻውዘን ሲንድረም ብሎ ሰይሞታል። ታማሚው ምልክቱን ሆን ብሎ ይፈጥራል ወይም ራሱን ይጎዳል፤ ነገር ግን እንደ ገንዘብ፣ የሕመም ፈቃድ ወይም ከፍርድ ማምለጥ ያለ ግልጽ ጥቅም አያገኝበትም። ለጥቅም ብሎ የሚያስመስል ሰው ጉዳይ ሌላ ነው።

«ምርመራው ምንም አላሳየም» ማለት ብቻውን ለዚህ ሕመም ማስረጃ አይሆንም፤ ማታለሉ ራሱ መረጋገጥ አለበት። ለምሳሌ ስኳሩ በጣም ወርዶ ኢንሱሊኑ ከፍ ብሎ ሳለ ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚያወጣው ሲ-ፔፕታይድ የተባለው ንጥረ ነገር ዝቅ ካለ፣ ኢንሱሊኑ ከውጭ በመርፌ እንደገባ ያመለክታል። «ድምፅ ይሰማኛል» ለሚል ታካሚ ግን እንዲህ ያለ የላቦራቶሪ ምርመራ ስለሌለ፣ ለቀናት በትዕግሥት መከታተል፣ ቤተሰብን መጠየቅና የቀድሞ ካርዶችን ማገላበጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ችግር፤ አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ሦስት ካርድ ሲያወጣ አንደኛው ሐኪም የሌላውን ጽሑፍ ሳያይ ይቀራል። ደግሞም ይህ ስም የተሰጠው ሰው የእውነት ሊታመም ስለሚችል፣ ስሙ ምርመራን ማቆሚያ ሊሆን አይገባም።

ሕመሙን የሚያድን የተለየ መድኃኒት የለም። የሚረዳው ታካሚውን ለብቻው፣ ሳይዘልፉ፣ «ያየነውን አይተናል፤ በጣም እንደተጨነቅሽም ተረድተናል፤ አንተውሽም» ብሎ ማነጋገር ነው። ጉዳዩን አንድ ሐኪም ይያዘው፤ ቀጠሮውም ሕመም ሲነሳ ብቻ ሳይሆን በቋሚነት ይሁን፤ አላስፈላጊ መርፌና ቀዶ ሕክምና ይቅር፤ ድባቴ ካለ ይታከም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን መጠየቅ ደግሞ ፈጽሞ የማይታለፍ ነው፤ ያቺን ልጅ ማናችንም አልጠየቅናትም።

የጎጃም ሆስፒታሎች የታካሚን ምስጢር በጠበቀ መንገድ መረጃ እንዲለዋወጡ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ያቺ ወጣት ዛሬ በሌላ ካርድ ሌላ ቦታ ተኝታ እንደሆነም፣ ብርጭቆውን የምታየው ተረኛ መጋረጃውን ስባ ከአልጋዋ ጠርዝ እንድትቀመጥላት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከደብረ ማርቆስ