ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል፤ መጥበሻው ላይስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ምግብ ዘይት ስትጽፉ የማነበው ዋጋውንና ወረፋውን ነው። ልክ ናችሁ፣ ሁላችንንም ያስጨነቀን እሱ ነው። ግን ዘይቱ ተገዝቶ መጥበሻ ላይ ከዋለ በኋላ ምን እንደሚሆን ጻፉልን።

አራት ኪሎ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤታችን በር ፈንጠር ብሎ ሳምቡሳ የሚጠብስ ልጅ አለ። አስር ሰዓት ሲሆን ተማሪዎቼ ይከቡታል። በጾም ቀን እኔም እሰለፋለሁ፤ የምስሯ በጣም ትጣፍጣለች። ባለፈው ረቡዕ ተራዬን ስጠብቅ መጥበሻውን ልብ ብዬ አየሁት። ዘይቱ ቡና መስሏል። ሳምቡሳው ሲገባ የሚነሳው አረፋ ቶሎ አይከስምም። ጠርዙ ላይ ሙጫ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ጎደል ሲልበት ከቢጫ ጀሪካን ጨመር አደረገ።

«መቼ ነው የምትቀይረው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ አይቀየርም እኮ። ይጨመርበታል» አለኝ። ማታ በጨርቅ አጥልሎ ለነገ ያስቀምጠዋል። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል።

ጽሑፉ አልዋሸም። የአትክልት ዘይት ውስጥ ኮሌስትሮል የለም ማለት ይቻላል። በእሱ ቦታ ያለው የዕፅዋት ስቴሮል ነው፤ በቅርጹ ከኮሌስትሮል ጋር በጣም ይመሳሰላል። አንጀት ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር ይጋፋና ወደ ደም የሚያልፈውን ይቀንሰዋል። በቀን 2 ግራም ያህል የሚወስድ ሰው መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ከ8 እስከ 10 በመቶ ሊወርድለት ይችላል። ይህን ያህል ከተራ ምግብ አይገኝም፤ ውጭ አገር ማርጋሪን ላይ ጨምረው ይሸጡታል። ስቴሮሉ ራሱ ወደ ደም የሚገባው ግን ከ5 በመቶ በታች ነው። እስከዚህ ድረስ ወዳጅ ነው።

እሳትና አየር ሲያገኙት ይለወጣል። 180 ዲግሪ አካባቢ በፈላ ዘይት ውስጥ ኦክስጅን ይጣበቅበታል። ዘይቱ በተደጋገመ ቁጥር የተለወጠው እየበዛ ይሄዳል። ይህ ኦክሳይድ የሆነ ስቴሮል በሰው ደም ውስጥ በጥቂቱ ተገኝቷል። ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ሥር ሴሎችን ሲጎዳ ታይቷል። ሰው ላይ የልብ ሕመም እንደሚያመጣ ግን ገና አልተረጋገጠም። ይህን የምለው ሳምቡሳ የበላ ሁሉ እንዳይደነግጥ ነው። ሆኖም በተቃጠለ ዘይት ውስጥ እሱ ብቻውን አይደለም፤ የተበላሸ ቅባት ሁሉ አብሮት ይከማቻል። ፈረንሳይና ስፔን የተበላሸው ክፍል 25 በመቶ ሲያልፍ ዘይቱ ለምግብ እንዳይውል በሕግ የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ኑግም ለወጥ የሚስተካከለው የለም፤ ለረጅም ጥብስ ግን አይሆንም። ቅባቱ ቶሎ ኦክሳይድ ከሚሆነው ዓይነት ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። በዚህ ዋጋ በየቀኑ ዘይት ድፋ የሚለው ሰው ራሱ ሂሳቡን ይሥራለት። ግን ትንሽ መጥበሻ ቢጠቀም የሚደፋውም ትንሽ ይሆናል። ገበያ በሌለ ሰዓት እሳቱን ቢያጠፋ፣ የረገፈውን ፍርፋሪ ቶሎ ቶሎ ቢያወጣ፣ የዛገውን ብረት ቢተው ዘይቱ ይቆይለታል። አዲሱን በአሮጌው ላይ መጨመር ግን አዲሱንም ያበላሸዋል።

ሰኞ ዕለት ራሱ ጠየቀኝ። «ታዲያ ቲቸር፣ ስንት ቀን ድረስ ይቻላል?» በቀን አይቆጠርም፤ ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ አረፋው አልከስም ካለ፣ ቶሎ መጨስ ከጀመረ ይበቃዋል አልኩት። የዘይት ብልሽት የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። የከተማችን ምግብ ተቆጣጣሪዎች ይህን መሣሪያ ይዘው ይወጣሉ ወይ? ለጥብስ ዘይትስ ገደብ አስቀምጠዋል ወይ? እባካችሁ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ጋዜጣውን ገዝቼ ለልጁ እወስድለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከአራት ኪሎ