ባቄላ ይቁጠሩልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ገብቷል።

እሑድ በስልክ «ልብን በደም መልሱ በኩል ደም የሚያጠጣ ኦፕራሲዮን አለ አሉ፤ እውነት ነው?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ሳምንቱን ሳነብ ከረምኩ። ስልኩ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግር እታለም ታንብብልዎት ብዬ ጻፍኩት።

እውነት ነው፤ ደም ሥራውን ጨርሶ በሚመለስበት ሥር በኩል ልብን ወደ ኋላ ማጠጣት ነው፤ ሐሳቡም አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ፕራት የሚባል አሜሪካዊ የድመት ልብ በደም መልሶቿ በኩል ደም ተሰጥቷት መምታት እንደምትችል አሳየ። በ1940ዎቹ ክሊቭላንድ ውስጥ ክሎድ ቤክ የሚባል ሐኪም በሰው ሞከረው፤ ከትልቁ ደም ቅዳ ወደ ልብ ደም መልስ ቧንቧ ቀጠለ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ መውጫውን በከፊል አሰረው። ደረት ሁለት ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። ብዙዎች አልተረፉም። ደም መልስ ደግሞ ግፊት የለመደ ሥር ስላልሆነ ግድግዳው ይወፍርና ይደፈናል። ለእርስዎ የተሠራልዎት ባይፓስ፣ ማለት የተደፈነውን ደም ቅዳ በሌላ ሥር የማሳለፉ ኦፕራሲዮን፣ ሲመጣ የቤክ ነገር ተተወ። በ2001 በታተመ ሪፖርት ስቲቨን ኦስተርሌና ባልደረቦቹ ደረት ሳይከፍቱ፣ ካቴተር በሚሉት ቀጭን ቱቦ በሥር ውስጥ ገብተው፣ በመርፌ ከደም ቅዳው ወደ ጎረቤቱ ደም መልስ ደም አሻገሩ። ጥበቡ ያስደንቃል፤ ግን የሁልጊዜ ሕክምና ሳይሆን ቀረ።

የአሁኑ «ሪዲውሰር» ይባላል፤ ሽሙኤል ባናይ የሚባል የቴል አቪቭ ሐኪም የፈጠረው ነው። ይሄን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይረዱታል። ውሃው የላይኛውን የጎመን መደብ አልደርስ ሲል ቦዩን ከታች በድንጋይና በጭቃ ያጠብቡት አልነበር? ውሃው ወደ ኋላ ይተኛና ደረቁን ያገኘዋል። ይሄም ወገቡ የቀጠነ የሽቦ መረብ ነው፤ በአንገት ሥር ገብቶ የልብ ደም መልስ መውጫ ላይ ይቀመጣል። በ2015 በታተመ ጥናት ከ104 ሕሙማን ግማሾቹ ተገባላቸው፣ ግማሾቹ የተገባላቸው መስሏቸው ቀሩ። የደረት ሕመሙ ቢያንስ ሁለት ደረጃ የቀለለላቸው ከተገባላቸው 35 በመቶ፣ ካልተገባላቸውም 15 በመቶ ናቸው። ተስፋ ብቻውን ስንቱን እንዳሻለ ይዩልኝ! በ2024 በእንግሊዝ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመሙ ቀንሶ፣ የልብ ደም ግን በምስል ሲጨምር አልታየም። እዚህ አሜሪካም ገና በጥናት ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱን ስለ መሸጥ ያነሱትን ነገር እባክዎ አይድገሙት።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ አይቆጡኝ። ወንድሜ ነግሮኛል፤ መድኃኔዓለም እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ ጫማ የሚያስሩ መስለው ይቆማሉ። ሐኪሙ ሲጠይቅዎ ግን «ደህና ነኝ»። ይህ መረብ እኮ መድኃኒቱም፣ ስቴንቱም (የጠበበውን ደም ቅዳ የሚከፍተው የሽቦ ቱቦ)፣ ባይፓሱም ተሞክሮ ላልሆነለት ሰው ነው። የእርስዎ መድኃኒት መች በደንብ ተስተካከለ? ሐኪሙ ያልነገሩትን ሕመም በምን አውቆ ያስተካክል?

ስለዚህ ደረትዎን በያዘዎት፣ ከምላስ ሥር የምትደረገዋን ክኒን በወሰዱ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ይጣሉ። ቁጭ ብለው፣ ክኒኗንም ወስደው ካልለቀቀዎ ግን ባቄላውን ትተው ወዲያው ሆስፒታል። ለቀጠሮው ቀን ጣሳውን እታለም ትያዘው፤ እርስዎ ከያዙት መንገድ ላይ ግማሹን እንደሚያፈሱት አውቃለሁ።

ልጅዎ